አብሪ የሚባለው ጨለማ ክፍል

የልጄ ልጅ ያስሚን ሰሞኑን ከትምህርት ቤት አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ አምፖል፣ ፖምና አንድ ትልቅ ዓይን ተስለዋል። ልጆቹ ፖሙን እንዴት እንደምናየው ቀስት እየሳሉ ማሳየት አለባቸው። እናቷ ፈቲያ ዙሪክ ሥራ ላይ ስለነበረች አስጠኚዋ እኔ ነበርኩ። የምንኖርባትን የስዊዘርላንድ ከተማ ኡስተርን በኅዳር አንዴ ጉም ከወረደባት ቶሎ አይለቃትም፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት መብራት አብርተን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ከባቡር ጣቢያው በር የገዛሁትን ትኩስ ማሮኒ እልጣለሁ፤ ያስሚን የተላጠላትን እየበላች፣ በመሀል በመሀል እርሳሷን ታኝካለች። ማሮኒ ለማያውቀው፣ ቅርፊቱ ጣት የሚያቃጥል፣ ውስጡ ስኳር ድንች ስኳር ድንች የሚል ጥብስ ፍሬ ነው።

ቆየት ብላ ከዓይኑ ጀምራ እስከ ፖሙ ድረስ ወፍራም ቀስት ሳለች።

«አያቴ፣ እንዲህ ነው አይደል? ሊኽቱ ከዓይን ይወጣል፣ ከዛ አፕፈሉን ያገኘዋል።»

ሊኽት ያለችው ብርሃንን፣ አፕፈል ያለችው ፖሙን ነው፤ የእሷ አማርኛ ግማሹ ጀርመንኛ ነው። መላጤን አቆምኩ። እኔ በቀኝ ዓይኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ ምንም አላይም። ያስሚን ይህን ታውቃለች፤ መንገድ ስንሻገር በዚያ በኩል የምትሆነው እሷ ናት። ምክንያቱን ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝም፣ ዓይኔን ያጣሁት አንቺ አሁን የሳልሽውን ቀስት አምኜ ነው ብላት አይገባትም ነበር።

ያን ጊዜ የምኖረው ጄኔቭ ነበር። ኮምቦልቻ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ አንድ የዲፕሎማት ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ ሰዎቹ ሲዛወሩ አብሬያቸው ሄድኩ። የመኖሪያ ካርዴ ከእነሱ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ከቤታቸው ወጣሁ ማለት ከአገሩ ወጣሁ ማለት ነው። ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ለመጥላት እንኳ ይመቹኝ ነበር። ሥራ የሚበዛባቸው፣ እንግዳ የማያጡ፣ እኔን እንደ ቤቱ ዕቃ የለመዱ ሰዎች ነበሩ።

በዚህ አገር ብዙ ቤት ሥር ለጦርነት ጊዜ የሚሆን መሸሸጊያ አለ። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ በሩ የካዝና በር የሚመስል ነው። በፈረንሳይኛ ስሙ አብሪ ይባላል። መዳም በመጀመሪያው ቀን ጣቷን ወደ ምድር ቤቱ ጠቁማ «አብሪ፣ አብሪ» ስትለኝ፣ ወይ ጉድ፣ ይህች ሴት አማርኛ ለምዳለች ብዬ ወረድኩና ያገኘሁትን ማብሪያ ሁሉ ተጫንኩ። ድንቹን ከዚያ ክፍል አምጪ ማለቷ ነበር። መስኮት የሌለውን፣ ከቤቱ ሁሉ የጨለመውን ክፍል አብሪ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። መኝታዬ ከእሱ አጠገብ ነበር።

ሐይቁ ላይ ቢዝ የሚሉት ነፋስ መንፈስ በጀመረ ሰሞን የእናቴ መርዶ መጣ። መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ዘመድ ጎረቤቱ ማልዶ ይሰበሰባል፤ ባለ ሐዘኑን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኔ የተረዳሁት በስልክ ነው፤ የእንግዶች ሳህን በአንድ እጄ ይዤ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ። ወንድሜ «እማ አረፈች፤ ቀበርናት» አለኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ሳሎን ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። ሳህኑን ይዤ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ጨርሼ ክፍሌ በገባሁ ቁጥር አለቅስ ነበር። አንድ ጊዜ እያለቀስኩ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ፣ በቀኝ ዓይኔ ጠርዝ በኩል ብልጭ አለ። ክብሪት ተጭሮ ቶሎ የጠፋ ይመስላል። ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ ጨለማ ነው። በማግስቱም ብልጭ አለ፤ ከዚያም ደጋገመኝ።

እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር የማገኛት ሰዓዳ የምትባል የደሴ ሴት ነበረች። በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፤ እሷም ሌላ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ለእኔ እናትም፣ ሐኪምም፣ ሸኽም እሷ ነበረች።

«እትዬ ሰዓዳ፣ በጨለማ ዓይኔ ብልጭ ይላል» አልኳት።

«ታለቅሻለሽ?»

«ታዲያ ላላለቅስ ነው፣ እትዬ?»

«በይ ተይ! የዓይን ብርሃን እኮ በእንባ ነው የሚያልቀው። ይኸው እየወጣ ነው፤ ብልጭ የሚልብሽ እሱ ነው። ለሟችም ጥሩ አይደለም። ሶብር አድርጊ የኔ እናት፣ አብሽሪ።»

ይህን ስትለኝ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ ነበር። ክፋት አልነበራትም፤ እኔም ከእሷ የተለየ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። በቋንቋችን ማየት ራሱ የዓይን ብርሃን ነው የሚባለው። ሽማግሌው ብርሃኔ ደከመ ይላል፤ እናት ልጇን የዓይኔ ብርሃን ትላለች፤ እኔንም እናቴ እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ። ዓይን ውስጥ ፋኖስ ያለ፣ እንባም የፋኖሱ ላምባ የሆነ ያህል ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ላምባው እንዳያልቅብኝ ማልቀሴን ተውኩ። እንባዬ ሲመጣ ቀና ብዬ ጣሪያ እያየሁ እውጠዋለሁ። ለእናቴ ያላፈሰስኩትን እንባ ለሽንኩርት አላፈስም ብዬ፣ ሽንኩርት የምልጠው ውሃ ውስጥ ነክሬ ሆነ። መዳም አይታ «ብልህ ነሽ» አለችኝ።

ብልጭታው ግን አልቀረም። በመጨረሻ ፈራሁና ለመዳም በደካማው ፈረንሳይኛዬ «ማ ሉሚየር ኤ ፋቲጌ» አልኳት። ብርሃኔ ደክሟል ማለቴ ነው። ቃል በቃል ከሆነ ምንም ስህተት የለበትም። መዳም ደነገጠች።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝና በዚያው ቀን ጠንከር ያለ አምፖል ገዝታ መጣች። ራሷ ወንበር ላይ ቆማ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ቀየረችልኝ። «አሁንስ?» ስትለኝ ምን ልበላት? «ሜርሲ መዳም» አልኳት።

ክላራ የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ትምህርት ቤት ክፍል ፊት ቆማ ስለ ብርሃን እንድታስረዳ ታዝዛ ስለነበር፣ የምትለማመደው እኔ ላይ ነበር። ስሜ ኑሪያ የመጣው ከብርሃን ነው ብዬ ነግሬያት በጣም ደስ ብሏታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። ሥዕል ያለበት የልጆች መጽሐፍ ብብቷ ሥር ይዛ እጄን ጎተተችና አብሪው ውስጥ አስገብታ ያንን የካዝና በር ዘጋችው። የድንቹ አፈር ይሸተኛል። የገዛ እጄ አይታየኝም።

«አሁን ምን ታያለሽ?» አለች።

«ብልጭታ።»

«አይሆንም! እዚህ ብርሃን የለም።»

«የዓይኔ ነው።»

«ዓይን እኮ የራሱ ብርሃን የለውም፣ ኑሪያ! ብርሃን ከፀሐይ ወይም ከአምፖል ይመጣል፣ ዕቃው ላይ ይነጥርና ወደ ዓይንሽ ይገባል። ከዓይንሽ የሚወጣ ብርሃን የለም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እንደ ቃዲ ፈረደችብኝ። እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሜ፣ ከዓይን የሚወጣ ብርሃን ከሌለ ታዲያ እያለቀብኝ ያለው ምንድን ነው እያልኩ አስባለሁ። ብልጭታው በዚያ መሀል እንኳ አላረፈም። ፈራሁ፤ በሩን ክፈቺልኝ ብዬ ለመንኳት።

ሌላ ቀን ደግሞ የጫማ ካርቶን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። ካርቶኑን በአንድ በኩል በመርፌ በሳችው፤ በሌላው በኩል ቆርጣ ስስ ወረቀት በኮላ ለጠፈችበት። ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዙረን ከወረቀቱ ጋር ጭንቅላታችንን ፎጣ ስንከናነብ፣ የግቢው ዛፍ ወረቀቱ ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ታየ። ሳላስበው «ሱብሃነላህ» አልኩ።

«ዓይንሽም እንደዚህ ነው» አለች ክላራ። «ፊት ለፊት ቀዳዳ አለው፤ ከኋላ ወረቀት አለው። ብርሃኑ ገብቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።»

ምድጃው ላይ ሾርባ ጥጄ ስለነበር ቤቱን እንፋሎት ሞልቶታል። እያየነው የወረቀቱ አንድ ጥግ ኮላው ለቀቀና ተጠቀለለ። በዚያ በኩል ዛፉ ጠፋ፤ የቀረው ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ያንን ግራጫ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ቀናት ወዲህ ከቀኝ ዓይኔ ከታች በኩል እንደ መጋረጃ እየወጣ ነበር፤ እኔ ላምባው ማለቁ ነው ብዬ ይባስ እንባዬን ስውጥ ሰንብቻለሁ። ፎጣውን ገፈፍኩና ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ክላራ ከፀጉሯ በቀር አትታየኝም።

«ክላራ፣ ወረቀቱ ሲለቅ ምን ይሆናል?»

«ብርሃኑ ይገባል፤ ግን የሚያርፍበት የለውም። ቶሎ በኮላ መመለስ ነው።»

መዳም ዘንድ ሮጥኩ። ኮላ በፈረንሳይኛም ኮል ስለሆነ ቃሉ አላስቸገረኝም። ዓይኔ ውስጥ ያለው ወረቀት ኮላው ለቀቀ አልኳት። የልጅቷ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ክላራ ግን አልሳቀችም። ግራ ዓይኔን ራሷ ሸፍና ሌላ እጇን ፊቴ ላይ ዘረጋችና «ስንት ጣት ነው?» አለችኝ።

«የትኛው እጅ?» አልኳት።

መዳም መሳቋን አቆመች። ካፖርቷን እንኳ በወጉ ሳትቆልፍ በመኪና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለኝን አልረሳም። የሕመሙ ስም በፈረንሳይኛ መላቀቅ ማለት ነው፤ እዚያው ቃሉ ውስጥ ኮል አለበት። መቼ እንደጀመረኝ ሲጠይቀኝ፣ «አምፖሉ ሳይቀየር በፊት» አልኩት። እሱ አልገባውም። መዳም ገብቷት አንገቷን ደፋች። በብልጭታው ጊዜ ብትመጪ ኖሮ ተስፋ ነበረው አለኝ። ዓይን ውስጥ በወረቀቱ ቦታ ያለው ስስ ሥጋ ከብርሃን በቀር የሚናገረው ቋንቋ የለውም፤ ሲጎትቱትም ሲቀድዱትም የሚለው ብርሃን ነው። እኔ ብርሃኔ እየወጣ ነው ስል የነበረው የእሱን ጩኸት ነው።

«እንባ ነው ያመጣብኝ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እንባ ዓይንን ያጥባል እንጂ ምንም አያደርገውም። ብታለቅሺም ባታለቅሺም ያው ነበር።»

ከሕመሙ ይልቅ ይህ ንግግሩ ነው የጎዳኝ። ቀደው አከሙኝ፤ ከዚያም በግንባርሽ ተደፍተሽ ተኚ አሉኝ። ሱጁድ ላይ ያለሁ ይመስል፣ ክላራ ምግቤን ወለል ላይ እያስቀመጠችልኝ፣ ተደፍቼ ሰነበትኩ። እንዳይነካካ ተብሎ ስለተከለከልኩ ያን ጊዜም አላለቀስኩም። ፋሻው ሲነሳ ዓይኔ አልተመለሰም።

ሰዎቹ ተዛውረው ሄዱ። እኔ የዙሪክ ሰው አግብቼ ወደዚህ መጣሁ፤ ኦፕፊኮን የሚባል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ኖርኩ፣ ፈቲያን ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። የቀረችኝን ዓይን በየጊዜው ቪንተርቱር ከተማ ሄጄ አስመረምራለሁ። ለባሌ አልቅሻለሁ፤ ለእትዬ ሰዓዳም ጭምር። ለእናቴ ግን ያኔ የዋጥኩት እንባ የት እንደገባ እንጃ። ለቅሶ ቀኑ ካለፈ በኋላ ማን ይቀመጥልሻል? አፍራለሁ፤ ይኸን ሁሉ ዓመት ቆይቶ የሚያለቅስ ሰው እብድ ነው የሚባለው።

«አዙሪው» አልኳት ያስሚንን። «ቀስቱ ከአምፖሉ ይነሳና ፖሙን ነክቶ ወደ ዓይን ይገባል። ከዓይን የሚወጣ ብርሃን የለም።»

በላጲሷ አጥፍታ አስተካክላ ሳለችው። ከዚያ ቀና ብላ ቀኝ ፊቴን አየችኝ።

«ካፑት የሆነው ዓይንሽስ? እሱም ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል። የሚያርፍበት ነው ያጣው።»

«ከሱም ምንም አይወጣም?»

«ምንም» ልላት አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ። ጣሪያ ለማየት ቀና አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ለምን ብዬ አንገቴን መለስኩና ተውኩት። የማሮኒው ቅርፊት ላይ ይንጠባጠባል። ያስሚን ጠጋ ብላ ሁለቱንም ዓይኖቼን በየተራ ተመለከተች።

«ሁለቱም ያለቅሳሉ» አለች፤ ተገርማ።

በዚህ መሀል የውጭው በር ተከፈተና ፈቲያ ከነካፖርቷ፣ ጉሙን ፀጉሯ ላይ ይዛ ገባች። እንዲህ ስሆን አይታኝ አታውቅም። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ! ምንድነው? ማን ሞተ?»

«እናቴ» አልኳት።