የዘጠኝ ዓመቱ አማት

ቱርፎሳ አዶዮ በሐይቁ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች። ማባዛት አስተምራለች፣ ንባብ አስተምራለች፣ ጥፍር መቁረጥ ሳይቀር አስተምራለች። ስሜት አስተምሪ ያሏት ግን ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት ነው።

ከከተማ አንድ ለስላሳ ወጣት መጣና መምህራኑን ሁለት ቀን አሠለጠናቸው። ስድስት ፊት የተሳለበት ወረቀት አደላቸው፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ጥርሱን ያመመው ይመስላል። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡ፣ አንድ ድንጋይ ይቀባበሉ፣ ድንጋዩን የያዘ የተሰማውን ይናገር፣ ሌላው ያዳምጥ አለ።

«አንተ ስንት ልጅ ነው የምታስተምረው?» ብላ ጠየቀችው።

«አሥራ ሁለት።»

የእሷ ስልሳ አራት ናቸው። ስልሳ አራት ልጅ ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት ክፍል ስለሌለ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ሜዳ ታወጣቸዋለች። ነፋሱ ከዳር የተሰጣውን ዓሣ ሽታ ይዞ ይመጣል፣ ወረቀቷን ይነጥቃታል፤ ማዶ የተቀመጠው ልጅ የሚለው ወዲህ አይሰማም።

«ዛሬ ምን ተሰማህ?»

«ረሃብ፣ ቲቸር።»

«ረሃብ ስሜት አይደለም። ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ወረቀቱ በልቶ ይሆናላ!»

ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከዚያ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱ ቀርቶ ይወረወር ጀመር፤ የአንዱን ጉልበት መታ፤ የተመታው ጮኸ። ቱርፎሳ ስድስቱን ፊቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። የተማረረች መምህር ፊት ለመሳል ያሰበ ሰው አልነበረም።

ይህም ሁሉ ይቻል ነበር፣ ተማሪዋ ኦጎላ ባይኖር። ኦጎላ የባሏ የወንድም ልጅ ልጅ ነው፤ ስሙ ግን የባሏ አባት፣ የአማቷ ስም ነው። በዚያ አገር ልጅ የሞተ ዘመድ ስም ሲወርስ ሰውየውንም በመጠኑ ይወርሳል። ሕፃኑ የተወለደ ሰሞን አላባራ ብሎ ሲያለቅስ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የሙታኑን ስም እየጠሩ የትኛው እንደሚያባብለው ይሞክሩ ነበር። አሥር ስም ተጠራ፣ አልሆነም። «ኦጎላ» ሲባል ጸጥ አለ። ያንን ስም የጠራችው ራሷ ቱርፎሳ ናት። ደክሟት ነበር፤ ቤቷ መሄድ ፈልጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሏ ዜዴኪያ ልጁን «ባባ»፣ ማለትም አባቴ፣ ይለዋል። ቱርፎሳም አማቷ በሕይወት ሳሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊታቸው ምግብ ቀምሳ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ንፍጡ የሚወርድ ልጅ ላይ መቆጣት ተሳናት።

«አማቴ፣ እባክዎ ይቀመጡ» ትለዋለች ክፍል ውስጥ።

«እቀመጣለሁ ምራቴ፣ ውሃ ካመጣሽልኝ» ይላታል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። እሷም መቼስ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ።

አሞሎ የምትባል አንድ ልጅ ነበረች፤ አንደበቷን ይይዛታል። ለንባብ ስትነሳ ኦጎላ ከኋላ እያንዳንዱን ቃል እንደ እሷ እየቆራረጠ ያስመስልባታል። መጀመሪያ ሁለት ሳቁ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ሁሉም። አሞሎ ከቀረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል።

በዚያ ረቡዕ ድንጋዩ ከአሞሎ ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ ከነበረችው ከቪቪያን እጅ ገባ።

«እኔ ተናድጃለሁ» አለች ቪቪያን።

ቱርፎሳ ደስ አላት። ስንት ሳምንት ደክማ አንድ ልጅ ወረቀቱ ላይ ያለ ነገር ተናገረላት። «ጎበዝ! በማን ተናደድሽ?»

«በእርስዎ አማት። አሞሎን አባረሯት። እርስዎም ዝም አሉ።»



ቤቷ ገብታ ለዜዴኪያ ነገረችው። ዜዴኪያ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ እየጠቀለለ፣ «አባቴን ልትቆጪው ነው?» አላት።

«አባትህ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! ንፍጡን በእጅጌው ነው የሚጠርገው!»

«ዱሮስ በምን ነበር የሚጠርገው?»

«ዜዴኪያ፣ ልጅቷ ከትምህርቷ ቀረች እያልኩህ ነው።»

«ለእናቱ ለሜርሲ ንገሪያት።»

«ነገርኳት። ‹ሽማግሌው ዱሮም ቀልደኛ ነበሩ› ብላ ሳቀች።»

ሐሙስ ወደ አሞሎ አያት ሄደች። አሮጊቷ መረቡ ላይ የተሰጣውን ደቃቅ ዓሣ ይገለብጣሉ፤ አሞሎም አጠገባቸው ጎንበስ ብላ ትገለብጣለች። ቀና አላለችም።

«ማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አለሁ። በየሳምንቱ ስለ ልብ ታስተምሪያለሽ አሉ?»

«አዎ፣ አዲስ ትምህርት ነው።»

«የዚችን ልብ ግን አላየሽውም።» አሮጊቷ እጃቸውን አራገፉ። «ነገ አንድ ቀን እልካታለሁ። እንደ ልጅ ሁሉ ተነስታ ታንብብ። ከተሳቀባት በቃ፣ እኔ ጋ ዓሣ ትገለብጣለች። ዓሣ አይስቅም።»

ቱርፎሳ መንገዱን ሁሉ ለራሷ እየተነጫነጨች ተመለሰች። ወረቀቱን ረገመች፣ ወጣቱን ረገመች፣ ያን ሕፃን ያባበለችበትን ምላሷንም ረገመች።

አርብ አሞሎ ሸሚዟ ታጥቦ መጣች። ቱርፎሳ ሳታስነሳት ብታልፍ በወደደች፤ አያትዬዋ ግን ታንብብ ብለዋል። አስነሳቻት።

«ጀ-ጀ-ጀልባዋ» አለች አሞሎ።

«ጀ-ጀ-ጀልባዋ» አለ ኦጎላ ከኋላ።

አንዱ ሳቀ። ሦስት ሳቁ። አሞሎ መጽሐፉን ዘጋችና ቦርሳዋን ለማንሳት ጎንበስ አለች።

ቱርፎሳ መሳቢያዋን ስባ የረቡዑን ድንጋይ አወጣች። የፊተኛው ረድፍ ሊወረወርበት መስሎት ራሱን ሸፈነ።

«አሞሎ፣ ጥቂት ቆዪኝ። ድንጋዩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ» አለችና ከኦጎላ ወንበር ፊት ሄዳ ቆመች። «አማቴ፣ ተናድጄብዎታለሁ።»

«ተይ እንጂ ምራቴ» አለ ኦጎላ፣ ወደ ጓደኞቹ እያየ።

«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ፣ የወዲያ ማዶ ሰው ናት ብለው አነጋገሬን እንግዳ ፊት ያስመስሉብኝ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እርስዎ ባሉበት አፌን መክፈት እፈራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹ምነው ልጄ› አላሉኝም።» ይህን ለዜዴኪያም ተናግራ አታውቅም።

ኦጎላ ግራ ቀኝ አየ። አሁን የሚስቅለት አጣ።

«ቲቸር… እኔ እኮ አይደለሁም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ሽማግሌው ናቸዋ! እኔ ያኔ አልተወለድኩም!»

«ውሃ አምጪ የሚለኝ ማን ነው?»

«ቀልዴን ነው። እኔ የሜርሲ ልጅ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ነኝ።»

«እሳቸው አይደለህም?»

«አይደለሁም፣ ቲቸር!»

«ሁላችሁም ሰማችሁ?»

«ሰማን!» አለ ክፍሉ።

«እንግዲያው ተነስ፣ የሜርሲ ልጅ!» አለችና የዓመታቱን ቁጣ በአንድ ጊዜ አወረደችበት። ወጣቱ ሠልጣኞቹን ረጋ በሉ ያለውን አንዱንም አላስታወሰችም። ሲደክማት ድንጋዩን ለአሞሎ ሰጠቻት።

አሞሎ በሁለት እጇ ያዘችው። «ስ-ስ-ስታስመስልብኝ» አለች፣ «ሆ-ሆ-ሆዴን ይ-ይቆርጠኛል።» ከዚያ ዞር አለች። «እ-እርስዎም ቲቸር… ይ-ይሰሙ ነበር።»

«እሰማ ነበር» አለች ቱርፎሳ።

«ይቅርታ» አለ ኦጎላ አቀርቅሮ።

«ለጠረጴዛው ነው የምትለው?»

ቀና ብሎ ደገመው። አሞሎ መጽሐፉን ከፈተችና ስለ ጀልባዋ አንድ ገጽ አነበበች፤ ደወሉ ተደውሎ እንኳ ገና ሦስት መስመር ይቀራት ነበር።

ወሬው ከቱርፎሳ ቀድሞ ቤት ገብቷል። «አባቴን ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት አዋረድሽው?» አላት ዜዴኪያ።

«አባትህ አይደለም። ራሱ ነገረኝ፤ ስልሳ ሦስት ምስክር አለኝ።»

ሦስት ቀን አኮረፋት። እሷም ተወችው።

ሰኞ ጠዋት ስም ስትጠራ አሞሎ ጋ ደረሰች። ቀና ብላ ማየት ፈራች፤ እስክሪብቶዋን ከስሙ ጎን እንደደገነች ቀረች። አሞሎ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ያዛት። አንድ ልጅ ሊጨርስላት አፉን ሲከፍት ቪቪያን በክርኗ ጎሸመችው።

«አ-አ-አ…» አለች አሞሎ። «አለሁ።»

ቱርፎሳ ምልክቷን አደረገችና ቀጣዩን ልጅ ጠራች፤ እሱ ደግሞ የለም።

«የት ሄደ ይሄ?»

«ፍየል ሊያባርር ወጥቷል፣ ቲቸር።»

«ማን አዘዘው?»

«ስሜቱ!» አለ አንዱ ከኋላ።