ጋሽ ተረከዝ የዋሸበት ቡት

ለሰው ቅጽል ስም የሚያወጣው ሥራ ፈት ነው ይባላል። የተራራ መውጫ ዕቃ መሸጫው ደንበኞች ግን ሥራ እያላቸው ነው ጫማ ሻጩን ጋሽ ተረከዝ ያሉት። ምን ያድርጉ፣ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ፀጉሩ እስኪሸብት ጎንበስ ብሎ የሰው ተረከዝ ሲይዝ ነው የኖረው። ሰውን በመልኩ አይለይም። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ግር ይለውና ዓይኑን ወደ ታች ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቱ የሚፈካው። «አሃ፣ ቀኝ እግርዎ የሚበልጠው ሰውዬ» ይላል፣ ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ቢሆንም ግድ የለውም።

ለተራራና ለበረዶ የሚሆን ቡት ልግዛ ብሎ እሱ ዘንድ የገባ ሰው ፍዳውን ያያል። ጠዋት የመጣውን «እግርዎ ገና አልነቃም፣ ከሰዓት ትንሽ ሲያብጥ ይመለሱ» ብሎ ይሸኘዋል። ስስ ካልሲ ያደረገውን ወፍራም ያስለብሰዋል፤ ሁለት ደርቦ የመጣውን ደግሞ አንዱን ያስወልቀዋል፣ የታፈነ እግር ደም አይዞረውምና። ክሩን አጥብቆ ካሰረለት በኋላ ተዳፋት ጣውላ ላይ ያወጣዋል። ቁልቁል ሲቆም ጣቶቹ የጫማውን ጫፍ ከነኩ አይሆንም። ሽቅብ ሲረግጥ ተረከዙ ከተነሳም አይሆንም። ይሄን ሁሉ ያለፈ ሰው ደግሞ ግድግዳውን በጫማው አፍንጫ ደጋግሞ እንዲመታ ይታዘዛል። በረዶ የሚወጣ ሰው ኑሮው እንዲያ ነዋ፤ ጫማው ስር ያሰረውን ባለጥርስ ብረት በረዶው ላይ እየሰካ ነው የሚወጣው። ባለሱቁ ግድግዳዬ ተላላጠ ብሎ ሲነጫነጭ ጋሽ ተረከዝ «ግድግዳ ይቀባል፣ ጣት ግን ተመልሶ አይበቅልም» ይለዋል።

እሱ ራሱ ተራራ ወጥቶ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ኧረ ምን ቆርጦት። መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል መቀየር እንኳ ለሚስቱ የተወ ሰው ነው። በረንዳ ላይ የሚቆመው ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነው፤ በረንዳው ደግሞ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። አንዲት ልጁ አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ ደህና ሰው ሆነች ሲባል የተራራ ክለብ ገባች። አንድ ቀን እራት ላይ ከጥቂት ወራት በኋላ ከክለቡ ጋር የበረዶ ግድግዳ ልትወጣ እንደሆነ ተናገረች። እናቷ «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። አባቷ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

በነጋታው ከሥራ ስትወጣ ሱቁ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «በል አባዬ፣ ለካኝ» አለችው። መጀመሪያ ያወረደው ቡት በልኳ የተሠራ ይመስል እግሯ ላይ ቁጭ አለ። ጣቶቿ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ተረከዟን ያዘው፣ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር። ያን ቀን ግን ክሩን መልሶ ይፈታ ጀመር።

«ተረከዝሽ ይነሳል» አላት።

«እኔ እኮ አልተሰማኝም።»

«አንቺ ምን ይሰማሻል፣ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ቡት ከሌለ ተራራ የለም ብሎ አስቧል እንግዲህ። እንዲህ ያለ ዘዴ ለጫማ ሻጭ ካልሆነ ለማን ይመጣል? ልጅቷ ተመላለሰች። አንዱን ጠባብ ነው አለው፣ አንዱን ቁርጭምጭሚትሽን ይልጠዋል፣ አንዱን ደግሞ ሶሉ ይለመጣልና ብረቱ ከስሩ ይወልቃል። እሷም አመነችው። ለምን አታምነው? ጋሽ ተረከዝ በጫማ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው እዚያ ከተማ ገና አልተወለደም። ካሸሯ ብቻ፣ አጠገቡ ስትሠራ የኖረችው፣ ልጅቷ ስትወጣ ጠብቃ «ጋሼ፣ ያ የመጀመሪያው ልኳ አልነበር እንዴ?» አለችው። «አንቺ ሂሳብሽን ሥሪ» አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ሱቁ እስኪዘጋ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ የቤቱን በር ከፍታ ስትገባ በተረከዟ ነበር የምትራመደው። ለክለቡ ልምምድ የጓደኛዋን ቡት ተውሳ ሄዳለች፣ የጓደኛዋ እግር ደግሞ ከእሷ ያንሳል። ካልሲዋን ስታወልቅ ጣቶቿ ሻማ መስለዋል፤ ሁለት ጥፍሮቿ ጠቁረዋል። እናትየው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበች። ጋሽ ተረከዝ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የልጁን እግር ውሃው ውስጥ ያዘ። ደሙ መዞር ሲጀምር ልጅቷ ከሕመሙ ብዛት የሶፋውን ትራስ ነከሰች።

«ጣቶቼን አልሰማቸውም ነበር አባዬ» አለች ትንሽ ሲሻላት። «ምን ላድርግ፣ አንተ ልክሽ የለም አልከኝ።»

ዝም ማለት ይችል ነበር። እዚያ ቤት የሚያጋልጠው አልነበረም። ግን እግሯ እጁ ውስጥ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እሱ ደግሞ የቀዘቀዘ እግር ምን እንደሚሆን ለሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ሲያስተምር ኖሯል።

«የመጀመሪያው ልክሽ ነበር» አላት።

«ተረከዜ ይነሳል አላልክም?»

«አልተነሳም። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው።»

ልጅቷ እግሯን ቀስ አድርጋ ከእጁ አወጣች። ሚስቱ የውሃውን ጆግ እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ጎሽ ባለሙያው» አለችው በመጨረሻ፤ «ልጄን ከገደል ላድን ብለህ ጣቷን ልታስቆርጣት!»

ጣቶቹ ተረፉ። ቤቱ ውስጥ ግን «አባዬ» የሚል ድምፅ ጠፋ። ሰላምታ አለ፣ ጨው አቀብለኝ አለ፣ አባዬ የለም። እሱም ላኩርፍ አላለም፤ እንደጥፋተኛ በየጥጉ ሲዞር ሰነበተ።

ጥፍሮቿ ካገገሙ በኋላ አንድ ከሰዓት ወፍራም ካልሲዋን በእጇ ይዛ ሱቁ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያንኑ ቡት አወረደ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ አያውቅም፤ ክሩን አንድ በአንድ ሳበ፣ ጣውላው ላይ አወጣት፣ አወረዳት። ተረከዟን ያዘ።

«ልክሽ ነው» አላት። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «የኔ ልጅ፣ ልክሽ ነው።»

ልጅቷ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፣ ቢኖር ይሻለው ነበር። ከዚያ ወደ ሂሳብ መቀበያው ዞረች።

«እህቴ፣ እስቲ ነይና አንቺ ያዢልኝ።»

ካሸሯ ደነገጠች። ጋሽ ተረከዝን አየችው፤ እሱም ተነስቶ የሚቀመጥበትን በርጩማ ለቀቀላት። እሱ እንዳስተማራት ጎንበስ ብላ የልጅቷን ተረከዝ በሁለት ጣቷ ያዘች። ሽቅብ ርገጪ፣ ቁልቁል ቁሚ፣ አሁን ግድግዳውን ምቺ አለቻት። ልጅቷ መታች፣ ደግማ መታች፣ የግድግዳው ቅርፊት ወለሉ ላይ ረገፈ።

«አይነሳም» አለች ካሸሯ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው እወስደዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ ለካሸሯ። ጋሽ ተረከዝ ባዶውን ካርቶን ታቅፎ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።