ሻሮ ላይ የተሰለፉት ቅርጫቶች

ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የሻሮ ሴቶች በቅርጫታቸው ያስቆሙት አውቶቡስ ከእኛ ተወስዶ ከዳገቱ በታች ላለው ለያላ መንደር ተሰጠ፤ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘነበችም ከዚያ ወዲያ ቦንጋ የምትኖር አንድ ልጃቸውን ቤቷ ሄደው ሳያዩ ሞቱ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ አያምርም ቢሉኝ አልከራከርም፣ በነገሩ እውነትነት ግን ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ያነሳሳኝ የኮረሪማ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ከልጅ ልጄ ከቤቲ ጋር ቦንጋ መናኸሪያ ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ሰዉ በሩ ላይ ተንጋጋ፣ በግፊያው መሃል የአንዲት ሴት ዘንቢል ተገለበጠና ኮረሪማዋ ተበትኖ በስንቱ ጫማ ተረገጠ። የተረገጠው ኮረሪማ ሽታ ከናፍጣው ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ቤቲ “እማማ፣ ነይ እንጂ! ሰው ገብቶ ማለቁ ነው!” እያለች ክንዴን ትጎትታለች፣ እኔ ግን ገና ያገባሁ ልጅ እግር ሆኜ፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ፣ ሻሮ ጉብታ ላይ ከእትዬ ዘነበች ቅርጫት አጠገብ ቆሜ ነበር።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት የገባ ሰሞን ነው የምላችሁ። ሻሮ ከዋጫ ወደ ቦንጋ የሚሄደው መንገድ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ የሚያገኝባት ጉብታ ናት፤ ግራና ቀኟ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቡና፣ ከቡናው ጀርባ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት ደን ነው። ዝናቡ ወር መርጦ የሚዘንብ ዝናብ አልነበረም፣ ስለዚህ መንገዱም ቀይ ጭቃ ነበር፣ አስፋልት የሚባለውን የምናውቀው ጅማ ደርሶ ከተመለሰ ሰው አፍ ነበር። ያላ ደግሞ ከእኛ በታች፣ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ድልድዩ አጠገብ ያለች መንደር ናት። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ከሻሮ ያላ በቀላሉ ይወርዳል፤ መውረዱ ቀላል የሆነውን ያህል ግን ዝናብ በዘነበ ቀን መንሸራተቱም ቀላል ነው።

አውቶቡሱን ከማየታችን በፊት እንሰማው ነበር። ከዋጫ ተነስቶ ድልድዩን ሲሻገር እንጨቱ ይንኳኳል፣ ከዚያ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ድምፁ በጫካው ውስጥ አንዴ ቀርቦ አንዴ ርቆ ይመጣል፣ ጉሬዛዎቹ ይንጫጫሉ፣ እኛም ማሯን፣ ቆጮዋን፣ ኮረሪማዋን ይዘን ወደ መንገዱ እንሮጣለን። አውቶቡሱ ግን ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ሜዳ ላይ ያገኛትን ፍጥነት ለእኛ ብሎ ሊያጣት አይፈልግም። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ “ሞልቷል!” ይላል፣ እኛም ባዶውን ወንበር በዓይናችን እያየን ጭቃችንን ተረጭተን እንመለሳለን። ይህ በጣም ያንገበግበኝ ነበር፤ ቦዩን የምንጠርገው፣ ናዳ በወረደ ቁጥር አፈሩን በአካፋ የምናነሳው እኛ ነን፣ የሚያልፍበት ሌላው ነው።

ሻሮ በዚያን ጊዜ አንድ የምትኮራበት ነገር ነበራት፣ የናፍጣ ወፍጮ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህሏን ይዛ የምትውል ሴት አልነበረችም፤ ቅርጫቷን ታሰልፍና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ተራዋን ቅርጫቱ ይጠብቅላታል። የሰው ቅርጫት ከተራው ማንሳት ትልቅ ነውር ነበር። ክርክር ከተነሳ ደግሞ ዳኛዋ የመጨረሻውን ቅርጫት ያስቀመጠችው ሴት ናት፣ አንድ ሰው ያለ ተራው ቢገባ ከሁሉ የምትጎዳው እሷ ነቻ። ያረጀችና የታመመች ሴት ስትመጣም ወደፊት ትለፍ አትለፍ የምትለው እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዳኛ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሕግ ግን አላየሁም።

ለመኪናውም እንዲሁ እናድርግ ያሉት እትዬ ዘነበች ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ እግራቸው የሚጎተት፣ ምላሳቸው ግን ከሁላችንም ቀድሞ የሚሮጥ ሴት ነበሩ። “ቆመን ከምንደርቅ ቅርጫታችን ይሰለፍልን” ሲሉ እኔ ሳቅኩባቸው።

“መኪናው ወፍጮ መሰለዎት እንዴ እትዬ?”

“ሁለቱም ናፍጣ ጠጥተው አይደል የሚጮኹት?” አሉኝ። “አንዱ ተራ ካወቀ ሌላውም ይልመድ!”

በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቶቻችንን በመንገዱ ዳር በአንድ መስመር ደርድረን፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍነን፣ ሁላችንም ወደ ጓሯችን ገባን። መኪና እንደ ወፍጮ ባለበት እንደማይቆም፣ ቅርጫትም እጅ አንስቶ እንደማያስቆም ማናችንም አላሰብንም። ድምፁን ሰምተን ከእንሰቱ መሃል ስንወጣ ግን አውቶቡሱ ቆሟል! ሹፌሩ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሆዳቸው መሪውን የሚነካ የጅማ ሰው ነበሩ፤ ተሳፋሪውን ግማሹን አስከትለው ወርደው ቅጠሉን እየገለጡ ማሩን ያሸታሉ፣ ኮረሪማውን በጥፍራቸው ይፈለፍላሉ።

“ባለቤት የሌለው ገበያ ዛሬ ገና አየሁ” አሉ።

“ባለቤቱማ አለ፣ ጠፍቶ የከረመው መኪናው ነው” አሉ እትዬ ዘነበች እግራቸውን እየጎተቱ ደርሰው። “ደግሞ የመጀመሪያውን ቅርጫት ሳይጨርሱ ሦስተኛውን የሚከፍቱ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?”

“ለሽያጭ አይደለም እንዴ?”

“ተራ ይዞ ነው።”

“የምን ተራ?”

“የመኪናዎ ነዋ!”

ጋሽ መኮንን መጀመሪያ አልገባቸውም፣ ሲገባቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ ተሳፋሪውም ሳቀ፣ እኛም አፍረን ሳቅን። ስቀው ሲያበቁ ረዳቱን ቅርጫቶቹን በተራቸው ከጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ እንዲጭን አዘዙት፣ እኛንም በተራችን አስገቡን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ መኮንን ሻሮ ላይ ቅርጫት ካዩ ይቆማሉ፣ ካላዩ በክላክሳቸው ሰላም ብለው ያልፋሉ። ሌሎቹም ሹፌሮች ከእሳቸው ለመዱ።

ያ ዘመን ዛሬ ሳስበው ረጅም ይመስለኛል፣ ግን ጥቂት ዓመት ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከደኑ ሳይነሳ ቅርጫቶቹ ጤዛ ለብሰው ተሰልፈው ሳይ አንድ ደስ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር፣ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቦታውን ያገኘ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪ ቅርጫት ሳይኖራቸው ከፊት ቢቆሙ ሴቶቹ ተንጫጩባቸው፣ እሳቸውም የሚያስቀምጡት ቢያጡ ጥላቸውን ከቅርጫቶቹ ኋላ አሰለፉና ዝናቡ እየደበደባቸው ተራቸውን ጠበቁ። እትዬ ዘነበች ግን ቅርጫታቸውን የትም ቢያስቀምጡ የመጨረሻዋ ሴት ወደ መጀመሪያ ታመጣላቸዋለች። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር የእሳቸው ነበር። ልጃቸው ጸሐይ ቦንጋ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረቻት፤ እትዬ ዘነበች ቅዳሜ ሄደው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አድረው፣ እሑድ ሲመለሱ የከተማውን ወሬ ሁሉ ጨው ጨምረውበት ያወሩልናል። የምንስቀውን ያህል ስቀን ስናበቃ “እግሬን ይዞት የሄደ ሰይጣን በመኪና እንደምቀድመው አላወቀም” ይሉ ነበር።

ከዚያ ሻሮና ያላ አንድ ቀበሌ ተደረጉ። ጽሕፈት ቤቱ ድልድዩ አጠገብ ያላ ሆነ፣ ሊቀ መንበሩም የያላው አቶ አዳነ ሆኑ፤ በዚህ አልተቃወምንም፣ የሆነ ቦታ መሆን ነበረበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ወረዳው ለቀበሌው የፌርማታ ሰሌዳ ሰጠ ሲባል፣ ሰሌዳው ያላ ተተከለ። ሰሌዳው መተከሉ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ወዲያ ከሰሌዳ ውጪ የቆመ ሹፌር ይቀጣል ተባለ። ጋሽ መኮንን ቅርጫቶቻችንን እያዩ በዝግታ አለፉ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው “እናቶቼ፣ ታዝዤ ነው! ታዝዤ ነው!” እያሉ። እኛ ቅርጫታችንን ተሸክመን ወደ ያላ መውረድ ጀመርን። እትዬ ዘነበችም አንድ ቀን እወርዳለሁ ብለው ተነሱ፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ጭቃው ጣላቸው፣ ተሸክመን ወደ ቤታቸው መለስናቸው። በቃሬዛ እንውሰድዎ ብንላቸው “በቁሜማ ቃሬዛ ላይ አልወጣም” ብለው አሻፈረኝ አሉ። ጸሐይ ሱቋንና ልጆቿን ትታ መምጣት የቻለችው አልፎ አልፎ ነበር።

እኔም ክርክሬን ጀመርኩ። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሰሌዳው ለምን ሻሮ እንዳልሆነ ብጠይቅ፣ አቶ አዳነ ከመድረኩ ላይ “እኅታችን፣ መንግሥት የሰጠንን ልማት አናጥላላ፤ ውሳኔው የቀበሌውን ማዕከል መሠረት ያደረገ ነው” አሉኝ፣ ሰውም አጨበጨበ። ወረዳ ሄድኩ፤ ይታያል አሉኝ። ዞን ሄድኩ፤ ኃላፊው ግምገማ ላይ ነው አሉኝ፣ በሌላ ቀን ስሄድ በግምገማው ተነስቷል አሉኝ፣ አዲሱን ሳገኝ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እንዳስረዳው ጠየቀኝ፣ አስረዳሁት፣ ሲስቅ ቆይቶ “የቅርጫቱ ታሪክ ግን ያምራል” አለኝ። እኔ ታሪክ ልነግረው አልሄድኩም። እንዲህ ስመላለስ እትዬ ዘነበች በአንድ ጭጋጋም ጠዋት አረፉ። ጸሐይ ለቀብር የመጣችው አውቶቡሱ ያላ አውርዷት፣ ዳገቱን በእግሯ እያለቀሰች ወጥታ ነው።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ሚኒባሱ እጅ ላነሳ ሁሉ የትም ይቆማል፣ ያላም ሻሮም እኩል ሆነዋል፣ ሰሌዳውም ዝጎ ወድቋል። ወደ ቦንጋ መሄድ ቀላል ሆኗል፣ ይህን አልክድም። የጠፋው ተራው ነው። ጉልበት ያለው ይገባል፣ የሌለው ዘንቢሉን ያስረግጣል፤ የመጨረሻዋን ሴት ዳኛ የሚያደርጋት የለም፣ የመጨረሻዋ ሴት ራሷ መጨረሻ መሆኗን የሚያይላት የለም። ለቤቲ የቅርጫቶቹን ነገር ስነግራት “አይሰርቁትም ነበር?” አለችኝ።

ያን ቀን ከመናኸሪያው ስንመለስ ሻሮ ሳልወርድ ዳገቱን ወርደን ሚኒባሱን ያላ ላይ አስቆምኩት። ቤቲን መንገድ ዳር ትቼ ወደ አቶ አዳነ ግቢ ገባሁ። አርጅተዋል፣ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታውን አሳጠርኩትና “ጋሽ አዳነ፣ ሰሌዳውን ለምን ከለከሉን?” አልኳቸው። ይክዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

“እስከ ዞን ከመሄድሽ በፊት ቤቴ መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት አልማዝ?” አሉኝ።

“ስብሰባ ላይ ጠይቄዎት የለም?”

“ስብሰባ ላይ የመለሰልሽ ሊቀ መንበሩ ነው” አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “የተሰጠኝ አንድ ሰሌዳ ነው። የያላ ሴቶች ድልድዩ ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያወናጭፉ መኪና ሲያልፋቸው ነው የኖሩት። እናንተ በቅርጫት አስቆማችሁት። ያለ ሰሌዳ ማስቆም ለሚችል ነው ወይስ ለማይችል ነው ሰሌዳ የሚሰጠው? ፍትሕ ፍትሕ ስትዪ የኖርሽው አንቺ ነሽ፣ እስቲ ፍረጂኝ።”

እንደ ምንም “ከሰሌዳ ውጪ ሲከለከልስ?” አልኩ።

“ያንን ቆይቼ ነው የሰማሁት። ስሰማም፣ አልማዝ እያለች ሻሮ ላይ መቆሙ አይቀርም አልኩ። የጉልበትሽን ልክ አላወቅኩም ነበር።”

“እትዬ ዘነበችስ?”

ጋሽ አዳነ ቀና ብለው ዳገቱን አዩ።

“ዘነበችን አላሰብኳትም” አሉኝ።