በድንጋይ ፈንታ ሻንጣ

የልጅ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ጭፈራ በኮሌጅ መማር እፈልጋለሁ ስትለኝ፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አጎቷ ነው።

አጎቷ የሟች አባቷ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ የእናቷ አባት ነኝ፤ ጉንደ ወይን አጠገብ እኔው ዘንድ ነው ያደገችው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ፣ ዳሱ መሀል እስክስታ ስትመታ፣ ይህ ሰው ነጠላዋን ጨምድዶ ከክቡ ጎትቶ አወጣት። «የወንድሜ ልጅ አዝማሪ ልትሆንልኝ ነው!» አለ። ሰው ሳቀ። ልጅቱ ጓሮ ገብታ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ቆመች። እኔ ጯሂ ሰው አይደለሁም፤ ጠላዬን ጨርሼ ነገሩን በሆዴ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የኮሌጁን ወሬ ሲሰማ ሽማግሌ ላከብኝ። ደብረ ማርቆስ ነርስነት ትማር፣ ጭፈራ የሚባለው ይቅር አለ። ራሱም ከኋላ ተከትሏቸው መጣ። ሽማግሌዎቹ «ስለ እመቤታችን» ካሉኝ አፌ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ስለዚህ ገና ሳይደላደሉ ብድግ ብዬ ጋቢዬን ዝቅ አደረግሁና፣

«ስለ እመቤታችን ብላችሁ ከዚህ ሰው ጋር አስታርቁኝ» አልኩ።

ለሌላ ጉዳይ የመጡ ሽማግሌዎች ምን ይበሉ? እርቅ አልፈልግም የሚል ሽማግሌ የት አለ? የሰርጉ ነገር ተነሣ፣ ጥፋቱም የእሱ ሆነ። በእኛ አገር ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ድንጋይ ሊፈልግ ወደ ደጅ ሲወጣ ጠራሁት።

«ድንጋዩ ይቅር። ሻንጣዋን ተሸከም። አዲስ አበባ ሄደን ትምህርት ቤት ስንመርጥ አብረኸን ዙር።»

«ይቀልዳሉ እንዴ እርስዎ?»

«አልቀለድኩም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ነበሩ። ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ከድንጋይ ይቀላል ልጄ፣ ተቀበል» አሉት።

አልቀለለውም። ከአውቶቡስ ተራው ጀምሮ ሻንጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዛውር እኔ ከኋላው ቀስ እያልኩ ሄድኩ። «ልርዳህ?» አላልኩትም። ልጅቱ ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ «ተይው» አልኳት።

መጀመሪያ የገባንበት የግል ኮሌጅ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። የታሸገ ውሃ ሰጡን። ልጅቱን አስጨፈሯት፣ በስልክ ቀረጿት፣ «ኮከብ ነሽ!» አሏት። አጎቷ ዓይኑ ተርገበገበ። «ትምህርት ቤት ማለት ይሄ ነው! ባንክ ይመስላል!» አለ።

ሁለተኛው የመንግሥት ነው። የአዳራሹ ቀለም ተላልጧል፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚንቋቋ ሳንቃ ነው። መምህርቷ ቀጭን ሴት ናት። ልጅቱ ስትጨፍር እጇን አጣምራ አየቻትና፣

«ትከሻሽ ጥሩ ነው። ትንፋሽሽ ግን ይቀድምሻል። እንደገና» አለቻት። ዞር ብላም፣ «የሚያጨበጭብላት የለም እንዴ?»

እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩና አጎቷን አየሁት።

ሻንጣውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ሲያጨበጭብ ዶሮ የሚያባርር ነበር የሚመስለው። «አባት፣ ጠበቅ ያድርጉት እንጂ!» አለችው መምህርቷ። አጠበቀ። የጎጃም ሰው አይደል፣ ቆይቶ ጭብጨባው ቦታውን ያዘ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ። አዝማሪ ላላት ልጅ፣ በሰው ፊት፣ «በቃ» እስኪባል አጨበጨበ። ሆዴ ራራ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ገና ሦስት ጊዜ «እንደገና» ብትላት በወደድኩ።

ስንወጣ በሩ ላይ፣ «ያኛው ይሻላታል» አለ እሱ። «እዚህ ምን አለ?»

«አጎቴ፣ እዚያ አመሰገኑኝ እንጂ ምንም አላረሙኝም» አለችው። «እዚህ የጎደለኝን አዩብኝ። የምማረው እዚህ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«የምትማረው እሷ ናት፤ ተናግራለች።»

የመግቢያ ፈተናውን አለፈች። ወደ አገራችን ስንመለስ ዓባይ በረሃን ስንወርድ እሷ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። አጎቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እንግዲህ ታርቀናል አይደል?»

ገደሉን ትንሽ አየሁ።

«ትመረቅና እናያለን» አልኩት።