አየር የተሸከምኩበት ገመድ

ወደ ዓረብ አገር ልሄድ በዋዜማው ከቦኖ ሁለት ጄሪካን ውሃ አምጥቼ አስቀመጥኩ። እማ አንዴም ሂጂ፣ አንዴም ቅሪ አላለችኝም። የማሽላ እንጀራ በወተት ፈትፍታ ታጎርሰኝ ነበር፤ አንዱ ጉርሻ ሳይወርድ ሌላውን ታስከትላለች። አፌ ሙሉ ስለነበር ማልቀስም አልቻልኩም። ከራት በኋላ ልብሴን ጠቅልዬ የማስርበት ነገር ስፈልግ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው የውሃ መሸከሚያ ገመድ ታየኝ። የቃጫ ገመድ ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ በእጁ የገመደው። ሳልናገር አወረድኩና ጥቅሌን አሰርኩበት። ጎህ ሲቀድ ከቆቦ መናኸሪያ በሚኒባስ ወጣሁ።

ከወልድያ ወደ ጭፍራ፣ ከጭፍራ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ደላላው በጭነት መኪና እስከ ጅቡቲ ድንበር አደረሰን። የቀረውን በእግር ሄድነው። ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ኦቦክ ላይ ነው፤ ወደ የመን የሚያሻግሩት ጀልባዎች የሚነሱት ከዚያ ነው። እናንተ ቆቦና ዋጃ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ውሃ ማለት ሰው የሚሸከመው ነገር ነው። ውሃው ተገልብጦ ሰውን ሲሸከም ሳይ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"አንቺ የራያ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ራያ ይፈራል?" አለኝ ደላላው።

"ይፈራል" አልኩት።

አብረውኝ የነበሩት የጎብዬ ልጆች ተሻገሩ፤ አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም መድረሳቸውን ሰምቻለሁ። እኔ ወደ ጅቡቲ ከተማ ተመለስኩ። እዚያ ሐሊማን አገኘኋት። ሐሊማ የአፋር ሴት ናት፤ ሚሌ አካባቢ ስላደገች አማርኛ እንደኛ ትናገራለች፣ የጅቡቲዎቹንም ፈረንሳይኛ ትሰማለች። ባሕር ዳር፣ ለሰው ጠልቆ መዋኘት የሚያስተምሩበት አንድ ቤት ውስጥ ምግብ ታበስላለች። ለእኔም እዚያው የጽዳት ሥራ ለምና አስገባችኝ።

ሙቀቱን ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር። የቆቦ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ግን ወደ ማታ ከተራራው ነፋስ ይወርድና ይክሰናል። እዚህ ሙቀቱ እርጥብ ነው፤ ልብስ ታጥቦ ሳይደርቅ የለበሱት ይመስላል። ላሆህ የሚሉት እንጀራ የሚመስል ነገር አላቸው፤ ዓይኑ እንጀራ ነው፣ ሲቀምሱት ግን ስኳር ስኳር ይላል፤ ሆዴ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ሰላምታቸውም "ሳ ቫ?" ነው። ደህና ነሽ ማለት ነው፤ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እኔ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ።

የቤቱ አስተማሪ ማዳም ኤለን የምትባል ፈረንሳዊት ናት። አንድ ጊዜ የከተማው ሴቶች ሊማሩ መጡ፤ ከወንድ ጋር ግን ውሃ አንገባም አሉ። በውሃ ስር ደግሞ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ሁልጊዜ ጥንድ መሆን አለበት። ማዳም ሴት አጣችና እኔን አየችኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ሲያየኝ መጥረጊያ የሚወድቅብኝ ሴት ነኝ። እንቢ ማለትም ስላፈርኩ ገባሁ።

በጀርባ የአየር ሲሊንደር ያሸክሙሻል፣ በአፍሽ የጎማ መተንፈሻ ትነክሻለሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትወርጃለሽ። ከባሕሩ ዳር ብዙም አንርቅም፤ ጥልቀቱ ሁለት ቁመቴን አይሞላም። መጀመሪያ የማዳምን ክንድ አጥብቄ ያዝኩ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ከውሃ ስር ሁሉም ሰው ዝም ነው። ተናጋሪም ዓይን አፋርም የለም። ማዳም በእጇ ታሳየናለች፣ እኛም በእጃችን እንመልሳለን። ከሰው እኩል የሆንኩት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ መጥረግ ሲደክመኝ እንኳ የልምምዱን ቀን እያሰብኩ እበረታለሁ።

ማዳም ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃን ነበር። በጥልቀት የሚተነፍሱት አየር ደም ውስጥ ይገባል፤ ሰው በድንገት ሲወጣ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ሽባ ያደረገውም ሰው አለ። ስለዚህ ከውሃ ወጥታችሁ መገጣጠሚያችሁን ካመማችሁ ወዲያው ንገሩኝ ብላለች።

አንድ ልምምድ በዋለ ማግስት ትከሻዬ፣ ክርኔና ጉልበቴ እያመመኝ ተነሳሁ። ወዲያው መጣልኝ፤ አረፋው። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ከባሕሩ ያስወጡኛል፣ የታመመ ሠራተኛ ደግሞ ማን ያኖራል? ሽባ ሆኜ በሰው ሸክም ቆቦ ስገባ፣ እማ ከቦኖ ውሃ ለሁለታችን ስትሸከም ይታየኝ ነበር። ሦስት ቀን ጥርሴን ነክሼ ጠረግኩ። በሦስተኛው ቀን ሐሊማ ሻሼን ማሰር አቅቶኝ ስታገል አየችኝ።

"ክንድሽ ምን ሆኗል?"

"ተኝቼበት ነው።"

"በሁለቱም ተኛሽ?"

ሻሹን ትቼ መጥረጊያዬን አነሳሁ። እሷ በቀጥታ ወደ ማዳም ሄደች። ማዳም ስትሰማ ፊቷ ነጣ። የኦክስጅን ጭምብል አፌና አፍንጫዬ ላይ አድርጋ፣ ሲሊንደሩን ጭኔ ላይ አሳቅፋ በመኪናዋ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችን። ሐሊማን በዓይኔ "ገደልሽኝ" እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያለች ጉልበቴን ትመታለች። የሚያመኝን ጉልበት።

መዝጋቢው ሥራዬን ጠየቀ። ሐሊማ ጽዳት አለች። ሕመሜን ጠየቀ። የጠላቂዎች በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለች። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ።

"የጽዳት ሠራተኛ በጠላቂ በሽታ አይታመምም። ወይ ሥራዋን ቀይሩ፣ ወይ ሕመሟን።"

"ወንድሜ" አለችው ሐሊማ፣ "መጀመሪያ ትዳንልን፣ ከዚያ የፈለግከውን ትቀይራለህ።"

ሐኪሟ የአገሩ ሴት ነበረች። ምን ያህል እንደጠለቅኩ፣ ውሃ ውስጥ ለስንት ደቂቃ እንደቆየሁ፣ እንዴት እንደወጣሁ፣ የሚደነዝዘኝ እንዳለ ማዳምንም እኔንም ጠየቀች። ዓይኔን ጨፍኜ አስቆመችኝ፣ በቀጭን መስመር አስኬደችኝ፣ እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ትከሻዬን ስትጫነው ግን ጮህኩ። እዚያው ላይ ተጭና ደጋግማ አየችው። ከዚያ ልብሴን ገለጥ አደረገችና ቆም አለች። ደረቴ ላይ፣ ከትከሻዬ እስከ ብብቴ የወረደ ቀይ ሰንበር ነበር።

ሐኪሟ ማዳምን በትህትና ከክፍሉ አስወጣቻት። በሩን ዘግታ ዝቅ ባለ ድምፅ ለሐሊማ አንድ ነገር ነገረቻት። ሐሊማ ለመተርጎም አፏን ከፍታ ራሷ ደነገጠች።

"ማን ነው የሚያስራት ትላለች። አስረውሻል እንዴ?"

"ማንም አላሰረኝም። ራሴ ነኝ።"

ይህ ነገሩን አባሰው። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ እጄን ያዘች። ያኔ ማዳም ከበሩ ውጭ ቆማ በእኔ ምክንያት ልትጠረጠር መሆኑ ገባኝና፣ የማፍርበትን ነገር ሁሉ አወጣሁት።

ሲሊንደሮቹን የምናመላልስበት ጋሪ ጎማው ተሰብሮ ነበር። መኪናው የሞሉትን ሲሊንደሮች መንገድ ዳር ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ እስከ ባሕሩ ረጅም የድንጋይ ደረጃ አለ። ወንዶቹ አንድ አንድ እያሉ በእጃቸው ያወርዷቸዋል። እኔ ግን አገሬ ላይ በእጅ የሚሸከም ሴት አይቼ አላውቅም። ሰው ሳይመጣ በማለዳ እነሳና፣ ገጠሬ እንዳይሉኝ ተደብቄ፣ በአባቴ ገመድ ሁለት ሁለቱን በጀርባዬ አዝዬ አወርዳቸዋለሁ። በልምምዱ ቀን ጠዋትም ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ሐኪሟ አልገባትም። "አሳዪኝ" አለች።

የለበስኩትን ፎጣ ከትከሻዬ አወረድኩ፣ አብሮኝ የመጣውን የኦክስጅን ሲሊንደር ጎንበስ ብዬ ጀርባዬ ላይ አጋደምኩት፣ ፎጣውን በደረቴ አሳልፌ ቋጠርኩና ቀና አልኩ። ያመኝ ነበር፤ ግን ተሸክሜ በክፍሉ ውስጥ ሄድኩላት። ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች። ሐሊማ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ማዳም በሩን ከፍታ ስታየኝ፣ ጭምብሉ አንገቴ ላይ፣ ሲሊንደሩ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ነበርኩ።

"ለምን እስካሁን አልነገርሽንም?" አለች ሐኪሟ በሐሊማ በኩል።

"ሁላችሁም የጠየቃችሁኝ ስለ ባሕሩ ነው" አልኩ።

ሐኪሟ ግን ነገሩን በሳቅ አልተወችውም። የጠላቂዎችን በሽታ ለሚያክም ሐኪም ደውላ ረጅም ጊዜ ተነጋገረች፤ ብዙዎቹ ቃላት ባይገቡኝም ስሜ ሲጠራ እሰማ ነበር። ለእንዲህ ያለው በሽታ ሰው የሚያስገቡበት እንደ በርሜል ያለ የብረት ክፍል እንዳለ ሐሊማ ነግራኝ ስለነበር፣ አሁን ያስገቡኛል ብዬ በሩን በሩን አያለሁ። እስከ ከሰዓት አስተኝተው ተከታተሉኝ። በመጨረሻ ሐኪሟ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጥልቀቱ እንዲህ ትንሽ ሆኖ ያ በሽታ ይይዛል ለማለት እንደሚከብድ፣ ሲጫኑትና ሲንቀሳቀስ የሚያመው ጡንቻዬና ጅማቴ እንደሆነ አስረዳችኝ። ወደ ብረቱ ክፍል አትገቢም፤ ሁለት ሳምንት ሸክምም ባሕርም የለም፤ የሚደነዝዝሽ ነገር ካለ በዚያው ሰዓት ተመለሺ። ደግሞ ሦስት ቀን መደበቅሽ ጥፋት ነው፤ በሽታው እውነት ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ብዙ ነው አለች።

አልሃምዱሊላህ አልኩ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም። ስንወጣ የባሕሩ ሽታ መጣ፤ ያ እርጥብ ሙቀት እንኳ ያን ዕለት እንደ ቆቦ የማታ ነፋስ ሆነልኝ። ማዳም በመኪናዋ መለሰችን። በማግስቱ የጋሪው ጎማ ተሠርቶ ነበር። እኔንም ከሴቶቹ ልምምድ እንዳላስወጣችኝ በሐሊማ አስነገረችኝ፤ ትከሻሽ ሲድን ቦታሽ ይጠብቅሻል አለች።

ለእማ ደወልኩ። ቀድሜ ድኛለሁ አልኳት፣ ከዚያ መታመሜን ነገርኳት።

"ምን ተሸክመሽ ነው?"

"አየር።"

"አየር ይከብዳል እንዴ?"

"ብረቱ ነው የሚከብደው፣ እማ። አየሩን በብረት ነው የሚሞሉት።"

"ውሃ መሸከም መረረኝ ብለሽ አገር ጥለሽ ሄደሽ አየር ትሸከሚ?" ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ቀጥላ ግን "በምን ተሸከምሽው?" አለችኝ።

መደበቅ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። "በአባባ ገመድ" አልኳት።

"አንቺ ነሽ የወሰድሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ወይ ጉዴ! እኔኮ ዘይነባ ናት ብዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሰላምታ ከልክያት ነው የኖርኩት። ጎረቤቴን!"

"ልላክልሽ እማ? የሚመጣ ሰው አላጣም።"

"ገመድ ምን ይላካል። ራስሽ ይዘሽው ነይ።"

ኢንሻአላህ አልኳት። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ስልኩን መዝጋት ረሳችው መሰለኝ፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማኝ፤ ከዚያ ፍየሎቹ፣ ከዚያ ግቢውን እያቋረጠች "ዘይነባ! ኧረ ዘይነባ! አፉ በይኝ" ስትል ሰማኋት። ከሩቅ የዘይነባ ድምፅ "ምን ሆነሻል ደግሞ?" አለ።

እኔም አልዘጋሁትም።