የውጭ ቋሚዎች ዜማ

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ለእኛ ለውጭ ቋሚዎች ማስተማር የጀመሩት ሚስታቸው ሐረገ ወይን ስለ ጠየቀቻቸው ነው። ሌላ ሰው ሌላ ምክንያት ይነግራችሁ ይሆናል። ውዳሴ ፈልገው ነው የሚል አለ፤ ከደብራችን አለቃ ጋር እልህ ተጋብተው ነው የሚልም አለ። እኔ አጥር የምጋራቸው ጎረቤት ነበርኩና የማንንም ወሬ አልሰማም።

ደብራችን ኮሶ አምባ ሚካኤል ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ ሲወረድ ጉብታው ላይ ነው። እንደ ሌላውም ደብር ቅኔ ማኅሌቱ የካህናትና የደብተራዎች ነው። ገበሬው በወንዶች በር በኩል፣ እኛ ሴቶች በደቡቡ በር በኩል ከጽዱ ዛፍ ሥር እንቆማለን። ከውስጥ ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰማል፣ ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን ግዕዝ ነው። እልል በሉ ስንባል እልል እንላለን፣ ስገዱ ስንባል እንሰግዳለን። ምን ተባለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ይመስለን ነበር።

መሪጌታ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ጉባኤ ቤት ተቀምጠው ዜማ የተማሩና ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። የጋይንት ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ አይጠይቅም። ለማያውቅ ግን ልንገረው፤ ያስመሰከረ ማለት ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመምህር ፊት ብሎ፣ አንድ ምልክት ሳያዛንፍ፣ «ሂድ፣ አስተምር» የተባለ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ተማሪ አንዲት ድምፅ ሲያዛባባቸው ጥርሱ እንደሚቆረጥመው ሰው ፊታቸውን ያኮማትሩ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ያላቸው ነገር ሁለት ነው፤ በማኅሌት የሚመሩበት ቦታቸውና ሐረገ ወይን።

አንድ እሑድ ባልና ሚስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ እኔ ከጓሮ ጎመን እቀጥፍ ነበር። እርሷ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝም?» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እዚያ ውስጥ ሲያዜሙ ድምፅዎ እንባ እንባ ይላል። እኔም ውጭ ሆኜ አለቅሳለሁ። ግን በምን እንደምናለቅስ አላውቅም።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ ደግፈው ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እደጃፉ ተቀመጡና ያን የጠዋቱን ዜማ ቀስ አድርገው አሉላት፤ እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ ፈቱላት፣ እንደገና አሉላት። እርሷም ተከተለቻቸው። ጎመኔን ትቼ እኔም ከአጥሩ ወዲህ ተከተልኩ። ሐረገ ወይን ድምፀ መልካም ነበረች፤ ይህን እስከዚያ ቀን ማን ያውቅ ነበር? ባሏም አያውቁ።

በሚቀጥለው እሑድ በሰንበቴው ቤት ሰው ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ሲጠጣ መሪጌታ ተነሡ። «ዛሬ ውስጥ ምን እንዳልን ልንገራችሁ» አሉ። ነገሩን። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉ ሦስት የዜማ ዓይነቶች እንዳሉ፣ የቱ ለምን እንደሚባል በድምፃቸው እያሳዩ አስረዱን። አራራዩን ሲሰሙ ሽማግሌዎች እንኳ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። በማኅሌት እየተወዛወዙ እስከ ረፋድ የሚሉትን ዜማ ለእኛ ሲሆን ራሱንና ጅራቱን ይዘው መሐሉን ቆረጡት። «ገብሱን ፈትጌላችኋለሁ፤ ገለባው ለእኛ ይቅር» ይሉን ነበር። ሳቅን። ሁላችንም ወደድነው።

ከሁሉ የወደደው ፈንታው ነበር። ፈንታው ሰፊ ደረት፣ ሰፊ እርሻና አንዲት ሴት ልጅ ያለው ገበሬ ነው። በሬዎቹን ሲጠራ ከማዶ ይሰማል። ያ ድምፅ ዜማ ሲያገኝ ጊዜ በአውድማው ላይ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብለት ጀመር። በእኛ አገር ዜማ ያስተማረ ሰው «የኔታ» ይባላል፤ ከተማሪ በቀር የሚለው የለም። ፈንታው ግን መሪጌታን በመንገድ ሲያገኛቸው ቆቡን አውልቆ «የኔታ፣ እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል። መሪጌታ መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ ኋላ ግን በእርሱ ደጅ የሚያልፉት ያን ለመስማት ይመስለኛል።

ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተዛመተ። ከእስቴ ወገን እንኳ ሰንበቴያችንን የሚሹ ሰዎች መጡ። የንፋስ መውጫ ተማሪ ቤት መሪጌታን ለወላጆች በዓል ጠራቸውና በነጋዴውና በሹሙ ፊት በከበሮ አሳዩ። ሴቱ ጥጥ ሲፈትል ዜማ፣ እረኛው ዜማ፣ ባለ መሸታዋ እንኳ ጠላዋን ስትጠምቅ ዜማ። አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የደብራችን አስተዳዳሪ፣ ይህን ሁሉ እያዩ ዝም አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደጋግሜ እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «መሪጌታ፣ ገለባ ያሉት የአባቶች ላብ ነው» አሉ። መሪጌታ ሰውየው ቀንቷል ብለው አለፉት።

ስሕተቱ የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ተማሪ ዜማውን ሲማር ወቅት አይጠብቅም፤ የትንሣኤውን በጾም፣ የጾሙን በክረምት ያጠናል። መሪጌታም እኛን እንደ ተማሪ ቆጥረው የትንሣኤውን ዜማ በጾም አስተማሩን። «እስከ ፋሲካ ሌሊት በልባችሁ ያዙት፤ አፋችሁ እንዳያወጣው» አሉን። ሞት ድል እንደ ተነሣ፣ መቃብር ባዶ እንደ ቀረ ፈቱልን። ተማሪ ቢሆን ይይዘዋል። እኛ ግን ቃሉን ያገኘነው ገና ትናንት ነው፤ ረሃብተኛ ዘሩን አስቀምጦ ያድራል?

ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ የፈንታው ልጅ ዘነበች ውጋት ይዟት ሞተች። ለጋ ልጅ ነበረች፤ ለፋሲካ ማግስት ልትዳር ጥሎሿ አልቆ ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው አፈር ሲለብስ ሴቶቹ ሙሾ ሊያወርዱ ተነሡ። ፈንታው እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ከዚያ በዚያ በሬ በሚጠራበት ድምፅ የትንሣኤውን ዜማ አነሣ። በልጁ መቃብር ላይ። እኛም ተቀበልነው፤ አጨበጨብን። ልጁን የቀበረ ሰው ሞት ድል ተነሣ የሚል ቃል አፉ ውስጥ እያለ ሌላ ምን ይበል? ሐረገ ወይን አጠገቤ ሆና እያለቀሰች አዜመች፤ በምን እንደምታለቅስም ታውቅ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ቀብር አላየሁም።

አለቃ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። «በእኛ ደብር ጌታ ሳይሰቀል ተነሣ» አሉ።

ማኅበረ ካህናቱ ተሰበሰበ። ለመሪጌታ የተነገራቸው አጭር ነው፤ ወይ በዐውደ ምሕረት ቆመው ለውጭ ቋሚዎች ያስተማሩት ዜማ እንዳልሆነ ይናገራሉ፣ ወይ መቋሚያቸውን አስረክበው ከማኅሌት ይወጣሉ። ያን ሰሞን ሐረገ ወይንን «ምን ይላሉ?» ብላት፣ «እርሳቸው ያውቃሉ። ቤተ ልሔም ስንት ዓመት ለምነው እየበሉ የተማሩት ነው፤ ተዉት አልል» አለችኝ። እኛን ይዘው ከውጭ ይቅሩ ብትላቸው ይሰሟት ነበር። አላለችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። እኛን አላዩንም፤ ከራሳችን በላይ ጽዱን ነበር የሚያዩት።

«ያስተማርኳችሁ ዜማ አይደለም» አሉ። «መሐሉ የተቆረጠ ዜማ፣ ወቅቱን የሳተ ዜማ፣ ዘፈን ነው። ከአፋችሁ አውጡት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ታዛዥ ሕዝብ ነን። ፈንታው ቆቡን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ነበርና ቆቡን አድርጎ ሄደ።

የፋሲካ ሌሊት ከውስጥ ዜማው እስኪነጋ ተባለ። የመሪጌታ ድምፅ እንደዚያ ሌሊት ጠርቶ አያውቅም። ውጭ ግን ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ነበር። ቃሉን እናውቀዋለን፤ እያወቅን ከንፈራችንን ገጥመን ቆምን። ድሮ የማናውቀውን ስንሰማ እንዲያ አይከብደንም ነበር። እልልታውም ቀጭን ሆነ።

ሐረገ ወይን የታመመችው በዚያው በበዓለ ሃምሳ ነው። ያው ውጋቱ ነው፤ ያን ዓመት ብዙ ሰው ወስዷል። እኔ አጥሚት ይዤ ስገባ መሪጌታ ከራስጌዋ ተቀምጠው ያን በደጃፉ ያስተማሯትን ዜማ በለሆሳስ ይሉላት ነበር። እርሷ እጃቸውን ትይዛለች እንጂ አትከተልም። ሊያስቀጥሏት ቆም ይላሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ዝም ስትል ራሳቸው ይጨርሱታል። ከመሞቷ በፊት የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው።

«ስቀበር ውስጥ ያሉቱ የሚሉትን ይበሉ። ውጭ ያሉቱ ደግሞ ያን የዘነበችን ይበሉልኝ። አሁንማ ወቅቱ ነው አይደል?»

«ወቅቱ ነው፣ ሐረጌ።»

«ያስብሉልኛል?»

«አስብልልሻለሁ» አሉ። እኔ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ዐረፈች። ወቅቱ በእርግጥም የትንሣኤው ነበር፤ ያን ዜማ በቀብር ላይ የሚከለክል ሥርዓት የለም። ካህናቱ ፍትሐቱን ሳይቆርጡ ሳያሳጥሩ አደረሱላት፤ አለቃም ራሳቸው ቆመው ነበር፣ ከልባቸው አዝነው። አፈሩ ሲለብስ መሪጌታ ከካህናቱ መሐል ወጥተው ወደ እኛ መጡ። ፈንታው ፊት ቆሙ።

«ፈንታው» አሉት፣ «ያን አንሣልኝ። እርሷ ጠይቃለች።»

ፈንታው ቆቡን አወለቀ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«መሪጌታ» አለ። የኔታ አላለም። «እርስዎ ዘፈን ነው ሲሉ እኔ ልጄን በዘፈን ቀበርኩ ብዬ ንስሐ ገባሁ። ስግደቱን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። አሁን ዘፈን ከሆነ እመይቴ ሐረገ ወይንን በዘፈን አልቀብርም። ዜማ ከሆነ ግን ያን ቀንም ዜማ ነበር፤ የልጄ ቀብርም ያማረ ነበር። የቱ ነው? አንድ ቃል ይንገሩኝና አነሣዋለሁ።»

የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። ዜማ ነው ማለት። የጠበቅነው እኛ ሁላችንም ነን፤ አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። እኔማ የመጀመሪያውን ድምፅ በጉሮሮዬ ይዤዋለሁ። መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ዞር ብለው አዩ፤ አለቃና ካህናቱ ከመቃብሩ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ፤ በመካከላቸው የመሪጌታ ቦታ ባዶ ነው። ወደ ፈንታው ተመለሱ። ዓይናቸው ሞልቶ ፈሰሰ።

ቃሉን ግን አላሉትም። ቀስ ብለው ወደ ቦታቸው ሄዱ።

እኔ አለቃን አልወቅስም፤ ሥርዓታቸውን ነው የጠበቁ። ፈንታውንም አልወቅስም። መሪጌታን ግን እወቅሳቸዋለሁ፣ እወዳቸውማለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ሆድ ይኖራሉ። አሁን አሁን በነጋዴው በአቶ ጸጋዬ ሱቅ ሬዲዮ ዜማን ከነትርጉሙ ሲያሰሙ ሰው በሩ ላይ ይሰበሰባል። ለሕዝብ እንዲህ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው ይላሉ። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ አልፋለሁ።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ፋሲካ መሩ። ዜማ አላሳጠሩም፣ ለማንም አልፈቱም። ሲሞቱ ካህናቱ ከሦስት ደብር ተሰብስበው በክብር ቀበሯቸው። ውጭ የቆምነው ብዙ ነበርን፤ ወቅቱም በዓለ ሃምሳ ነበር። ፈንታው ሸምግሎ በምርኩዝ መጥቶ ነበር። ሁላችንም ወደ እርሱ አየን፤ እርሱ መሬት መሬቱን አየ። አፈሩ ለበሰና ወደየቤታችን ሄድን።