እንቅልፍ መስሎኝ

ባለቤቴ ግራና ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲያስጭን ከመኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ወልድያ ታክሞ የታዘዘለትን ክኒን መርሳ ከተማ ካለ መድኃኒት ቤት ገዛሁ።

«እናቴ፣ በዚች በአንዷ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው፤ ኮዴይንም ፓራሲታሞልም» አለችኝ ባለሙያዋ። «ጧት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት። ያለፋቸውን ደርበው እንዳይሰጧቸው።»

እሺ አልኩ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን እንደቀረው አልነገርኳትም። ለእሷ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ሼሁ መጥተው «በሽተኛ ነህ፣ ተፈቅዶልሃል» ቢሉት ሳቀ። «ከልጅነቴ የጾምኩትን ዛሬ በክኒን ላፍርሰው?»

በጾሙ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ፊቱን አጠቆረው። አዛን ሊል ሲል፣ «የጧቱንም የቀኑንም አንድ ላይ አምጪው፤ አልቻልኩም» አለኝ። የማታውን ጨምሬ ስድስት ክኒን ቆጥሬ ከተምሩ ጎን በሰሃን አስቀመጥኩለት።

አፍጥሮ ብዙም ሳይቆይ ተኛ። ማንኮራፋት ሲጀምር እፎይ አልኩ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ተኝቶ አያውቅም። ደጅ ኳስ የሚጫወቱትን የሰፈር ልጆች ተቆጥቼ አባረርኩ። ሬዲዮውንም ዘጋሁ።

ጓደኞቹ ለተራዊህ ሶላት ወደ መስጊድ ሊወስዱት መጡ። አንዱ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ኧረ ሽማግሌው! ማንኮራፋትህ እስከ ውርጌሳ ይሰማል እኮ!» አለ።

«ቀስ በሉ በአላህ፣ ስንት ቀኑ እንቅልፍ ካየ!» ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ጣታቸው ወጡ።

ማንኮራፋቱ እየራቀ፣ እየቆየ ይመጣ ጀመር። ሕመሙ ለቀቀው ብዬ ጋቢ ደረብኩለት። እነሱ ከመስጊድ ሲመለሱ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

ከቀናት በኋላ የተረፉትን ክኒኖች ይዤ ወደ ባለሙያዋ ሄድኩ። ስለ ስድስቱ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽ እንደሚያዳክም፣ ያ ማንኮራፋትም የመታፈን ምልክት እንደነበር እያለቀሰች አስረዳችኝ። ጮክ ብሎ ጠርቶ መቀስቀስ፣ አልነቃ ካለ ወደ ሐኪም ማሮጥ ነበር።

«ቀስቅሼው ቢሆንስ?» አልኳት።

የተረፉትን ክኒኖች ከእጄ ወሰደች።

ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኛል። እናቶች ለሐዘኔ ብለው ከደጄ ልጆቻቸውን ዝም ያሰኙልኛል። ተዉአቸው፣ ይጩሁ እላለሁ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም።